121 ወይስ 122? የቃኘው ሻለቃ ታሪክና በየቤቱ ያለው መዝገብ

በኮሪያ ጦርነት የሞቱት ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ስንት ናቸው? አንዳንዱ ጽሑፍ 121 ይላል፤ ሌላው 122 ይላል። ስለ ጦርነት ለሚጽፍ ሰው የአንድ ሰው ልዩነት ይህን ያህል የሚያሳስብ ላይሆን ይችላል። በሺህና በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሬሳ በሚታይበት ጦርነት 121 እና 122 አንድ ናቸው ቢል የሚፈርድበት የለም። ለአንድ ቤት ግን ያ አንድ ሰው አባት፣ ወንድም ወይም ባል ነው፤ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ተጽፎ እንደሆነና እንዳልሆነም ያ ቤት ማወቅ ይፈልጋል። የቁጥር ልዩነቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ አጥኚም ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ከስም ላይ ነው። ቁጥር የሚስተካከለው የሞቱት ሰዎች ስም ከነአባትና ከነአያት አንድ በአንድ ሲመረመር ብቻ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃኘውን ሻለቃ ውጊያ እንደ አዲስ መተረክ አይደለም። ለማመልከት የምሞክረው የሚከተለውን ነው። ዛሬ የጦር ክፍሎችን ታሪክ ከዘማቾችና ከቤተሰቦቻቸው እየሰበሰቡ በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት ማኖር የተለመደ ሆኗል። ይህ ሥራ ሲከናወን ከየቤቱ የሚገኘው መረጃ ምን ዓይነት ነው? በአማርኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ የተነገረው ቃልስ ወደ መዝገብ ሲገባ ምን ይደርስበታል? ጉዳዩ የታሪክ ክፍል እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። እንደ እኔ እምነት ግን የሥነ ጽሑፍና የሥነ ቃል ተማሪ እጁን ካላስገባበት ከግማሽ በላይ ጎድሎ የሚቀር ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጦር ክፍሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የኮሪያ ጦርነት ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ተጀመረ። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ መሠረት ጦር ለመላክ ስትወስን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረቡት አቤቱታ ገና ከሰው ልብ አልጠፋም ነበር። በጋራ ጸጥታ ስም እርዳታ ጠይቃ የተነፈገች አገር፣ በዚያው በጋራ ጸጥታ ስም ሌላውን ለመርዳት ዘመተች። የዘመተውም ጦር በአብዛኛው ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ነበር። በጊዜው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። የዘመቻው ጦር ጠቅላላ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ሲሆኑ፣ አንደኛውን ቃኘው ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተውታል። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በመርከብ ፑሳን ደረሰና በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ተሰለፈ። በጦርነቱ ጊዜ ተራ በተራ የዘመቱት ብዛት 3,518 እንደሆነ ይነገራል፤ የቆሰሉትም 536 ናቸው። የተኩስ አቁም ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ለተወሰኑ ዓመታት በዚያ ቆይተዋል።

ቃኘው የሚለው ስም የመጣው ከልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው ነው። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ኮንጎ የዘመተው ጦር ደግሞ ጠቅል ብርጌድ ተባለ፤ ይህም የንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸው የፈረስ ስም ነው። በአውሮፓ ሥርዓት የተደራጀ፣ በቁጥር የሚጠራ የአሜሪካ ሬጅመንት አካል የሆነ፣ ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀ ጦር በፈረስ ስም ሲጠራ ነገሩ ጌጥ ብቻ አይደለም። ወታደሩ በፉከራ የሚያውቀው ዓለም፣ ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበትና የሚያጓራበት ዓለም፣ ሰባት ባሕር ተሻግሮ አብሮት ሄዷል ማለት ነው። የግሡን ፍቺ የሚያስታውስ አንባቢም ቃኘ ማለት አካባቢን ቃኘ፣ ሰለለ ማለት እንደሆነና ክራርና በገናም እንደሚቃኝ ልብ ይላል። ፈረሱን የሰየሙት ሰዎች ስለ በገና አላሰቡም ይሆናል፤ ቢሆንም በአንድ ግሥ ውስጥ ጦርና ዜማ አብረው መገኘታቸው በመንገዴ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር ነው።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። የቃኘው ሻለቃ የዕለት ተዕለት የውጊያ መዝገብ በብዛት የሚገኘው በውጭ አገር ነው። ሻለቃው በአሜሪካ ሬጅመንት ሥር ስለነበረ፣ የት ቀን የት ኮረብታ ላይ እንደነበረ፣ ስንት ሰው ለቅኝት እንዳወጣና ስንት እንደቆሰለበት በእንግሊዝኛ በተጻፈ የአሜሪካ ጦር ሪፖርት ውስጥ ሰፍሯል። ፎቶግራፉን ያነሡት በአብዛኛው የአሜሪካ ጦር ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ስለ ሻለቃው ራሱን የቻለ መጽሐፍ ቀድሞ የጻፈው ኪሞን ስኮርዲሌስ የተባለ ግሪካዊ ጋዜጠኛ ሲሆን መጽሐፉም በ1954 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ታተመ። አሜሪካዊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ለኢትዮጵያውያኑ ቅኝት ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ዳግማዊ አበበ በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ሻለቃው ያሳተመው ጥናትም በእንግሊዝኛ ነው። በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በ1960 ዓ.ም. የመታሰቢያ ሐውልት ተመርቋል፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አጠገቡ የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል። በአሜሪካ የሚገኘው የኮሪያ ጦርነት ቅርስ ፋውንዴሽንም ከልዩ ልዩ አገር ዘማቾች ቃለ ምልልስ ሲቀዳ የኢትዮጵያ ዘማቾችንም ጨምሯል። እነዚህ ሁሉ ሊመሰገኑ የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ ኢትዮጵያዊውን ወታደር የምናገኘው ሌላው ሰው በሌላ ቋንቋ እንዳየው ወይም እንደሰማው ሆኖ ነው።

በአገር ቤት ያለው መዝገብ የሳሳበትን ምክንያት ለማወቅ ይህን መጽሔት የሚያነብ ተማሪ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ መቆም ይበቃዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ያስነሡት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት መኳንንትና ሹማምንት ብዙዎቹ ተገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ ቃኘውን ያደራጁት ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ በማግሥቱ ዓመት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው በዚያው ሕንጻ ነው። ክቡር ዘበኛ ግን ከዚያ በኋላ የቀድሞው ክቡር ዘበኛ አልሆነም። ወታደሩ ተያዘ፣ ተመረመረ፣ ተበታተነ፤ ጦሩም እንደ አዲስ ተዋቀረ። ከኮሪያ ሜዳልያ ለብሶ የተመለሰ ሰው ከ7 ዓመት በኋላ ያገለገለበትን ክፍል ስም ከመጥራት ቢቆጠብ አያስገርምም።

ሁለተኛው መሰናክል በ1966 ዓ.ም. አብዮት መጣ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ነበረው። በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሲመረቅ፣ ከሰሜን ኮሪያ ጦር ጋር የተታኮሱት ሰዎች በዚያው ከተማ ይኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ አርማ ያለበትን የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መኖር ደፋርነትን ይጠይቅ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ በሙሉ ሲፈርስ ነው። አንድ ጦር ሲፈርስ ሰዎቹ ብቻ አይበተኑም፤ የመዝገብ ቤት ፋይል፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የሹመት ትእዛዝ፣ የክፍሉ ፎቶግራፍ ሁሉ ባለቤት ያጣል። እንግዲህ ከሦስት ጊዜ መናወጥ በኋላ የቃኘው ታሪክ የተጠለለበት ቦታ ቢኖር የሰዎቹ ቤት ነው። በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ዘማቾች ነው።

በአንድ ዘማች ቤት ምን ይገኛል? ፎቶግራፍ፣ ሜዳልያ፣ የምስክር ወረቀት፣ አልፎ አልፎም ከጃፓን ዕረፍት የተገዛ ዕቃ። እነዚህ ለዓይን ስለሚማርኩ ሰብሳቢው ቶሎ ይደርስባቸዋል፤ በስልክ ካሜራ አንሥቶ ማስቀመጥም ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ደብዳቤው ነው።

በ1940ዎቹ በአማርኛ የሚጻፍ የወታደር ደብዳቤ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ደብዳቤ በተወሰነ ሥርዓት ይሄዳል። ይድረስ ለእገሌ ይላል፤ ስለ ጤና ይጠይቃል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ይላል፤ ከዚያ የቤተ ዘመዱንና የጎረቤቱን ስም እየጠራ ሰላምታ ያወርዳል። ለጦርነት ታሪክ መረጃ የሚፈልግ አንባቢ ይህን ዓይነት ደብዳቤ ባዶ ነው ብሎ ይጥለዋል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን ልማዱን ስለሚያውቅ ከልማዱ የወጣችውን ቃል ይፈልጋል። ሰላምታ ከተዘረዘሩት መካከል ስሙ የቀረ ማነው? አብሮ የዘመተው የአገር ልጅ በመጀመሪያው ደብዳቤ «እርሱም ሰላም ይላችኋል» ተብሎ በሁለተኛው ሳይጠራ ቢቀር፣ ቤተሰቡ መርዶው ሳይደርስ ከዚያች ዝምታ አንብቦታል። ደብዳቤውን ያነበበውም ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ራሱ አልነበረም። ፊደል የማያውቁ እናት ወይም ሚስት በደብተራ፣ በካህን ወይም በተማረ ልጅ ያስነብባሉ፤ መልሱንም በሌላ ሰው እጅ ያስጽፋሉ። ስለዚህ ወደ ኮሪያ በሄደ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ፤ የአስጻፊዋና የጸሐፊው። የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ለመለየት መሞከር ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው።

ሌላው መዝገብ በወረቀት ላይ የሌለው ነው። ዘማች ስለ ጦርነቱ ሲጠየቅ መልሱን በጥያቄና መልስ መልክ ሲሰጥ ይቆይና ጨዋታው ሲሞቅ ወደ ፉከራ ሊሻገር ይችላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ቃለ መጠይቅ አድራጊ ካሜራውን ያዞራል ወይም በኋላ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ትርጉም በሚጻፍበት ጊዜም «እዚህ ላይ የጀግንነት ግጥም ያሰማሉ» ተብሎ በአንዲት መስመር ይታለፋል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ፎካሪ ዝም ብሎ አይፎክርም፤ የአባቱን ስም፣ የአለቃውን ስም፣ የወደቀ ጓደኛውን ስም፣ የቦታውን ስም ይጠራል። ፉከራ በአንድ በኩል የአንድ መቶ ስም ጥሪ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እርግጥ ፎካሪው የገደለውን ሲቆጥር ቁጥሩን እንደ ሪፖርት መውሰድ አይገባም፤ የዘውጉ ጠባይ ነውና። በአንጻሩ ግን የሟች ጓደኛውን ስም በፉከራ ሲጠራ ሐሰት ለመናገር ምንም ምክንያት የለውም። አጥኚው ዘውጉን ካወቀ የትኛውን እንደሚያምንና የትኛውን እንደሚጠረጥር ያውቃል።

ለቅሶም እንዲሁ ነው። የሞቱት ኢትዮጵያውያን አስከሬን በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ በፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የቀረ ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን መርዶው ቀድሞ አስከሬኑ ዘግይቶ በመድረሱ፣ በየመንደሩ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ተለቅሷል። በአገራችን ልማድ በዚህ ጊዜ የሟቹ ልብስና ፎቶግራፉ ወጥቶ ይለቀሳል፤ አልቃሽም ስለ ሰውየው የምታውቀውን በግጥም ትደረድራለች። ሻለቃው ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ሰዎች ስለነበሩበት ይህ ግጥም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛና በሌላም ቋንቋ ሊሆን ይችላል። የትእዛዙ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ የኀዘኑን ቋንቋ አማርኛ አያደርገውም። ሰብሳቢው «በአማርኛ ይንገሩኝ» ባለ ጊዜ ከመረጃ አቀባዩ አፍ ያለውን ግጥም ገና ሳይሰማው ቀብሮታል። በቅድሚያ በተነገረበት ቋንቋ ይቀዳ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደረስበታል።

አሁን ደግሞ እነዚህ ነገሮች ወደ ኮምፒዩተር ሲገቡ የሚገጥማቸውን እንመልከት። ቀዳሚው ችግር የስም ነው። የላቲን ፊደል ቀ እና ከን፣ ጠ እና ተን፣ ጨ እና ቸን ያለ ልዩ ምልክት አይለይም። የሻለቃው ስም ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእንግሊዝኛ መዛግብት የተለመደው አጻጻፉ ቀን በ«ኬ» ፊደል፣ ኘን ደግሞ በ«ጂ» እና በ«ኤን» ጥምረት የሚያስቀምጥ ስለሆነ፣ አገሩን የማያውቅ አንባቢ «ካግኒው» ብሎ ያነበዋል። የስም ፍለጋ የሚያካሂድ የልጅ ልጅ በዚሁ አጻጻፍ ኢንተርኔት ላይ ቢፈልግ፣ አስመራ ላይ በዚሁ ስም ይጠራ የነበረውን የአሜሪካ የራዲዮ ጣቢያና በዚያ ያገለገሉ አሜሪካውያን የሰበሰቡትን ትዝታ ከሻለቃው ታሪክ ጋር ተደባልቆ ያገኘዋል። አሜሪካውያኑ የራሳቸውን ክፍል ታሪክ በትጋት ሰብስበዋል፤ በዚህ ልንቀናባቸው እንጂ ልንወቅሳቸው አይገባም።

ከፊደሉ የከፋው የስም አወቃቀሩ ነው። የውጭው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለው። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ የአባት ስም ነው ያለው። ወልደ ዮሐንስ ሽታ የሚለው የሦስተኛው ሻለቃ አዛዥ ስም በዚህ ቅጽ ቢሞላ «ወልደ» የመጀመሪያ ስም፣ «ዮሐንስ» የመካከለኛ ስም፣ «ሽታ» የቤተሰብ ስም ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ወልደ ዮሐንስ አንድ ስም መሆኑን ሳጥኑ አያውቅም። አዛዡ ስለሆኑ ይታወቃሉ፤ ስሙ ቢዘባረቅም ማንነታቸው አይጠፋም። በሻለቃው ውስጥ ግን ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ተራ ወታደር ብዙ ሊኖር እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ስሙ ለሁለት ተቆርጦ፣ የአባቱ ስም ተጥሎ «ገብረ ማርያም» ብቻ የተባለ ሰው ማነው? 121 እና 122ን ያለያየው ነገር ይህ ነው አልልም። ነገር ግን አንድ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር፣ ሁለት ሰዎችም በአንድ አጻጻፍ አንድ ሊሆኑ የሚችሉበት መንገድ ይህ ነው። ጉዳዩ የክብር ብቻም አይደለም፤ በኮሪያ በኩል ለዘማቾች የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ስለሚሰጥ፣ የአያቱ ስም በመዝገብ በትክክል መገኘት ለአንድ ወጣት የእንጀራ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

በፊደላችን ብንጽፈውስ? በእርግጥ መጻፍ ያለበት በፊደላችን ነው፤ ቢሆንም ችግሩ በዚህ አያበቃም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአነጋገር አንድ ሆነው በጽሕፈት የተለያዩ ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይለ ስላሴ» ብሎ ለሚፈልገው ኮምፒዩተር የለም ሊለው ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በየራሱ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ የዘማች ማስታወሻ ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው። የፊደል ይጠንቀቅ አይጠንቀቅ ክርክር በመምህራን መካከል ብዙ ቀለም አፍስሷል። እዚህ ላይ ግን ክርክሩ ወደ ጎን ተትቶ መፍትሔው ግልጽ ይመስለኛል፤ ስሙ ባለቤቱ ወይም የሠራዊቱ ወረቀት እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ፍለጋው ደግሞ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቁጠር።

የማዕረግና የዘመን አቆጣጠር ጉዳይም አለ። ሻለቃ የጦሩ ክፍል ስም ነው፤ የመኮንን ማዕረግም ነው። ሻምበልም እንዲሁ። መረጃ አቀባዩ «ሻለቃው ወደ ኮረብታው ወጣ» ሲል መኮንኑ ነው የወጣው ወይስ ጦሩ በሙሉ? ከአማርኛው ዐውድ ይታወቃል፤ ከተቆረጠ ጥቅስ ግን አይታወቅም፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስም ተርጓሚው አንዱን መርጦ ሌላውን ይገድለዋል። የዓመተ ምሕረቱ ደግሞ የከፋ ነው። «በ1943 ዘመትኩ» ያለ ሰው ቃሉ ሳይመነዘር ቢጻፍ፣ ኮሪያ ጦርነት ከመጀመሩ 7 ዓመት በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ይገኛል። ይህ እንኳ ግልጽ ስሕተት ስለሆነ አራሚው ያገኘዋል። የማይገኘው 1953 ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር 1953 የተኩስ አቁም ዓመት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1953 የታኅሣሥ ግርግር ዓመት ነው። አንድ የክቡር ዘበኛ ሰው «በሃምሳ ሦስት ቆስዬ» ቢል በፖርክ ቾፕ ኮረብታ ነው ወይስ በአዲስ አበባ መንገድ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ለቤተሰቡ ደግሞ ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። አንደኛው በሐውልት የሚታሰብ ቁስል ነው፤ ሁለተኛው ለብዙ ዓመታት የተደበቀ ቁስል ነው።

ይህ ወደ አንድ አስቸጋሪ ነገር ያመጣናል። ቤተሰብ መረጃ ጠባቂ ብቻ አይደለም፤ መረጃ ሸሻጊም ነው። አያቱ የኮሪያ ዘማች መሆናቸውን በኩራት የሚናገር የልጅ ልጅ፣ እኒያው አያት በታኅሣሥ 1953 የት እንደነበሩ ሲጠየቅ ዝም ሊል ይችላል፤ ላያውቅም ይችላል። በ1966 ማግሥት የተቀደደ ፎቶግራፍ፣ የተሸጠ ሜዳልያ፣ በእስር ቤት ያለፈ ዓመት ይኖራል። የጦር ክፍሉን ታሪክ ከኮሪያ መርከብ ጀምሮ በተኩስ አቁም መጨረስ ለሁሉም ምቹ ነው። ለእኔ ግን ይህ ግማሽ ታሪክ ነው። የቃኘው ሻለቃ ታሪክ ሰዎቹ ከተመለሱ በኋላ በገዛ አገራቸው የደረሰባቸውንም ይጨምራል። ሆኖም ይህን ማለት የተገኘውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ መዘርገፍ ማለት አይደለም። በሕይወት ያሉት ዘማቾች ወደ 90 የተጠጉ ወይም ያለፉ አረጋውያን ናቸው። ክብራቸውን ጠብቆ «አባባ፣ ይህን ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ ይቅር የሚሉት አለ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል። ለጊዜው ይዘጋ የተባለው ተዘግቶ፣ መቼ እንደሚከፈት ተጽፎ መቀመጥ ይችላል፤ ለዚህም ቤተ መጻሕፍት ከግለሰብ ስልክ ይሻላል።

የተጋነነውም መታለፍ የለበትም። ሻለቃው 253 ጊዜ ተዋግቶ 253 ጊዜ አሸነፈ የሚል ዐረፍተ ነገር ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲዘዋወር እናገኘዋለን። የሰዎቹን ጀግንነት ለመጠራጠር ምክንያት የለም፤ ማርሻልን የመሰለ የውጭ ጸሐፊ ሳይቀር መስክሮላቸዋል። ነገር ግን አንድ ውጊያ ማለት ምን ማለት ነው? የ10 ሰው የሌሊት ቅኝትና በጥቅምት 1945 ዓ.ም. በትሪያንግል ኮረብታ አካባቢ የተደረገው መጠነ ሰፊ ፍልሚያ እኩል አንድ አንድ ይቆጠራሉን? ቁጥሩ ከየትኛው ወር ሪፖርት ተደምሮ ወጣ? እነዚህን ጥያቄዎች ሳያነሣ ቁጥሩን የሚደግም ጸሐፊ ዘማቾቹን ያከበረ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ሰዎቹን ከታሪክ ወደ ተረት አሻግሯቸዋል። በኮረብታው ላይ ስለፈራ፣ ስለበረደው፣ ስለራበው ሰው መስማት ከ253 ድል በላይ ያሳምናል።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ የሥነ ቃል ተማሪና አንድ የቤተሰቡ ልጅ አብረው ቢቀመጡ ይበቃል። ተማሪው ዘውጉንና የቀረጻውን ሥርዓት ያውቃል፤ ልጁ ደግሞ ጨዋታው ሲቆም ምን ብሎ እንደሚያስቀጥል ያውቃል። ቃሉ እንደተነገረ፣ ከነማቅማማቱ፣ ከነዝምታው ይጻፍ። ስሙ እስከ አያት፣ ከነትውልድ አገሩና ከነወታደራዊ ቁጥሩ፣ በፊደላችን ይቅደም፤ የላቲኑ ይከተል። ዘመኑ በተናጋሪው አቆጣጠር ይቀመጥና አጠገቡ የተመነዘረው ይጨመር። ቅጂው በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለዘማቾች ማኅበር፣ አንዱም ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለወመዘክር ይሰጥ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር አይጠፋም የሚለው እምነት የዋህነት ነው፤ የሚከፍልለት ሰው ሲሞት ወይም ድርጅቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ፎቶግራፉን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በስልክ የሚያነሣ ሰው ፊቱን ብቻ አንሥቶ ጀርባውን ይተወዋል። የቆዩ ፎቶግራፎች ብዙውን ጊዜ ጀርባቸው ላይ ጽሕፈት አላቸው፤ ያነሣው ቤት ማኅተም፣ ቀን፣ «ለውድ እናቴ» የሚል ቃል፣ አንዳንድ ጊዜም በፎቶው ያሉት ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ። ከሰዎቹ አንዱ ራስ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀል ተሥላ ብትገኝ፣ ያች መስቀል ማን ሣላትና መቼ የሚለው ጥያቄ ከፊቱ ምስል ይበልጣል። ፎቶው በሙጫ ከአልበም ጋር የተጣበቀ ከሆነ በኃይል አይላቀቅ፤ ወረቀቱ ከቀለሙ ጋር ይነሣልና። በመጀመሪያ በቤቱ ያሉት አረጋዊት ጀርባው ላይ ምን እንደተጻፈ ያስታውሱ እንደሆነ ይጠየቁ።